ከቀብሩ በኋላ የመጡ አራት ደብዳቤዎች

ሰዓት ጠጋኙ ቤርዜሊ ጋርድነር በዓመት አንድ ጊዜ በዌስት ብራንች መንደር ሲያልፍ ኬጡራ ማኮምበር ቤት ምሳ ይበላል። የግድግዳውን ሰዓት ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ የየመንደሩን ወሬ አራግፎ መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ የዐሥራ አንደኛው ወር፣ የኖቬምበር፣ ቀን የአተር ሾርባውን እየጠጣ ስለ ዱባው ምርት፣ ስለ መንገዱ ጭቃ፣ ስለ ገዛ ጉልበቱ ሲያወራ ቆየና ዘንድሮ ቅዝቃዜው ቀደም ብሎ እንደመጣ ተናገረ። ይኼም ቢሆን ኤሊሁ ሃዛርድን የቀበሩ ለት ከነበረው ብርድ አይብስም አለ፤ ያን ዕለት ውርጩ አፈሩን ድንጋይ አድርጎት ዶማው ሲነጥር ነበር የዋለው።

ኬጡራ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የትኛው ኤሊሁ እንደሆነ ጠየቀችው። ወንዙ ዳር የሚኖረው፣ የቀኝ እጁ አመልካች ጣት የተሰበረው፣ አላት። መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። በአንደኛው ወር፣ በሁለተኛው ሳምንት፤ ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር።

“ተሳስተህ እንዳይሆን፣ ቤርዜሊ።”

“የተሸከምኩትን ሰው? እንደ ኤሊሁ የከበደ ሬሳ ትከሻም አይረሳው።”

ኬጡራ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ሾርባውን ጨመረችለት፤ ሰዓቱን ሠርቶ እስኪወጣ ድረስም ስለ ሌላ ነገር ስታወራው ቆየች። የኤሊሁ ሃዛርድ የመጨረሻ ደብዳቤ ከደረሳት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር።

ሰው ሞቶ ዐሥር ወር ሙሉ አለመሰማቱ ሌላ ዘንድ ይገርም ይሆናል። ኬጡራና ኤሊሁ ግን ከወዳጆች ማኅበር ናቸው፤ ሌላው ሰው ኩዌከር የሚላቸው ክርስቲያኖች። ወሮችን በስም ሳይሆን ከጃንዋሪ ጀምረው በቁጥር ይጠራሉ። መቃብራቸው ላይ ድንጋይ አያቆሙም፣ ሐዘን ለብሰው አይዞሩም፣ የሞታቸውን ዜና ጋዜጣ ላይ አያወጡም። በዚያ ላይ የኬጡራ ጉባኤና የኤሊሁ ጉባኤ ከሃያ ዓመት በፊት ተጣልተው ተለያይተዋል፤ የልደትም የሞትም ወሬ አይለዋወጡም። ወዳጅ በደብዳቤ የጻፈውን ቃል ደግሞ ሌላው ወዳጅ አይጠራጠርም። መሐላ የማይምሉት ንግግራቸው ሁሉ እውነት እንዲሆን ነው፤ ስለዚህ እውነት ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ስድብ ይሆናል።

ኬጡራ የመንደሩ የሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ጸሐፊ ናት። ለሌሎች ማኅበራት የምትጽፈው፣ ለምክር ቤት የሚላከው አቤቱታ፣ ለተናጋሪዎች የሚሄደው ግብዣ ሁሉ በስብሰባ ላይ ይነበባል። ከኤሊሁ ጋር የምትጻጻፈው ግን አይነበብም። በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ሰው ችግኝ ይባላል። “ሁለት የፖም ችግኞች በሦስተኛው ቀን እልካለሁ” ብላ ትጽፋለች፤ በሳምንቱ “ሁለቱም ደርሰዋል፤ ከውሃው ማዶ ተተክለዋል፤ ሥር ይዘዋል” የሚል ይመጣላታል። የሸሸ ባሪያ ያስጠለለ ይታሰራል የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ ሌላው መንገድ ሁሉ ተዘግቶ የቀረው ይኼ ብቻ ነበር።

ከአንደኛው ወር ወዲህ ዘጠኝ ሰው በዚያ መንገድ ልካለች። ከሽመና ክፍሉ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ደግሞ ዳፍኒ የምትባል ሴትና የአራት ዓመት ልጇ ሱኪ ስድስት ቀን ተደብቀዋል። ነገ ጠዋት ይሄዳሉ። ከሜሪላንድ የመጡ ሁለት ሰዎች መንደሩ ሆቴል አርፈው የዳፍኒን መልክና ቁመት የሚናገር ወረቀት ለመጣ ለሄደው እያሳዩ ነበርና መቆየት አይቻልም።

ኬጡራ ነገርን ከሥሩ የምታይ ሴት ናት። ደብዳቤዎቹ እንዲቃጠሉ ተስማምተው ሳለ የእርሱን ብቻ አላቃጠለችም። ከባቄላ ዘር ሣጥን ሥር አወጣቻቸው። ሠላሳ አንድ ነበሩ። ሃያ ሰባቱን በአንድ ረድፍ፣ ከቀብሩ በኋላ የመጡትን አራቱን በሌላ ረድፍ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ደረደረች፤ ዘር የምትመርጥበትን አጉሊ መነጽርም ያዘች።

የኤሊሁ ጣት ስለማይታጠፍ ብዕሩን በመሐል ጣትና በአውራ ጣት ነበር የሚይዘው። በዚህ የተነሣ ወደ ታች የሚወርደው ጭረት ሁሉ ወደ ግራ ይጋደማል፤ የመስመሩም መጨረሻ ቁልቁል ይወርዳል። ሃያ ሰባቱም እንዲህ ናቸው። አራቱም እንዲህ ናቸው። አስተጣጠፉ አንድ ነው። ማሸጊያው የተለጠፈው በዚያው ቦታ ነው። ቀለሙን ለማድረቅ ከተነሰነሰው የወንዝ አሸዋ በአራቱም እጥፋት ውስጥ ጥቂት ቅንጣት ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ አስመስሎ የሚሠራ ባሪያ አዳኝ ካለ፣ ኤሊሁን ዓመታት ሲያጠና የኖረ መሆን አለበት።

ከዚያ ቃሉን ማንበብ ጀመረች። በሃያ ሰባቱ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ያለ እሮሮ አያልቅም፤ ጉልበቱ፣ ጥርሱ፣ የሚጨሰው ምድጃ፣ በብርድ ያበጠ የእግሩ ጣት። ከአንደኛው ወር ወዲህ የጻፈው ሰው አይበርደውም። አይርበውም። አንድ ቦታ እንኳ ደከመኝ አይልም።

ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። በአምስተኛው ወር፣ እንዲያው ደስ ስላላት፣ አንድ ነገር ጠይቃው ነበር። በሕይወታቸው የተገናኙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በፀረ ባርነት ማኅበራት ዓመታዊ ስብሰባ፣ ዝናብ ጥሎ አንድ የጋሪ መጠለያ ሥር አብረው ቆመዋል። ያንን ቀን ታስታውሳለህ ወይ ብላ ነበር የጻፈችው። መልሱ እነሆ፦ “ግራ እግርሽ ጫማ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነበር፤ አፍረሽ አልተናገርሽም።” ይህን ለማንም አልተናገረችም። ግራው ይሁን ቀኙ እርሷ ራሷ የረሳችው ነበር።

ደብዳቤዎቹን ሰብስባ ወደ ቆጡ ወጣች። ሳትነግራት ብትልካት ውሸት ይሆናል፤ ስለዚህ ለዳፍኒ ሁሉንም እንዳለ ነገረቻት። የሚቀበላት ሰው ሞቷል። ደርሰዋል እያለ የሚጽፈው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ምናልባት ዘጠኙን ሰዎች በገዛ እጇ ለአዳኝ አስረክባለች።

ዳፍኒ ኬጡራ በሰጠቻት ግራጫ የሱፍ ቀሚስ እጅጌ ሥር ክንዷን እያከከች ሰማቻት። በዚህ ቤት ባሪያ የለቀመው ጥጥ አይለበስም፣ ባሪያ የጨመቀው ስኳር አይቀመስም። ከመጣች ጀምሮ እኔን ነጻ ለማውጣት መጀመሪያ ቆዳዬን በሱፍ መግፈፍ ነበረባችሁ ወይ እያለች ስታሾፍ ከርማለች።

“እሜቴ፣ እስካሁን ያሳደዱኝ ሁሉ በሕይወት ያሉ ናቸው” አለች። “የገረፈኝም በሕይወት አለ፣ እናቴን የሸጣትም አለ። ሙት ምን አድርጎኝ ያውቃል?”

“እሜቴ አትበይኝ ብዬሻለሁ። የጻፈው ሙት ካልሆነስ?”

“ያን ጊዜ አብረሽኝ ነሽ። ቅድም ‘ምናልባት’ ስትዪ ሰምቻለሁ። እኔና ልጄ ‘ምናልባት’ን ብቻችንን ይዘን አንሄድም።”

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱም የሮቤል ታይት ጋሪ ላይ ተቀመጡ። ሮቤል እዚያው አውራጃ ነጻ ሆኖ የተወለደ ጥቁር ገበሬ ነው፤ የፖም በርሜል እየጫነ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ዳፍኒ ፊቷን የሚሸፍን ጥልቅ የወዳጆች ቆብ አድርጋለች፣ ጓንትም አጥልቃለች። ሱኪ በርሜሎቹ መሐል ገለባ ውስጥ ተኝታለች። በሆቴሉ ደጅ ሲያልፉ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ በረንዳ ላይ ሆኖ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር፤ ኬጡራን እንደምን አደሩ አላት። እርሷም ማንንም አንቱ በማይለው ሥርዓቷ እንደምን አደርክ ብላ መለሰችለት። ሮቤል መንደሩን ከለቀቁ በኋላ ይህችን ሴት ገዥው ራሱ መንገድ ላይ ቢያገኛት ‘አንተ’ ብላው ነው የምታልፈው፣ ለእርሷ ገዥውም እኔም ይኼም በርሜል እኩል ነን ብሎ ዳፍኒን አሳቃት። የዚያን ቀን የተሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ወደ ናያግራ ወንዝ ሲቀርቡ ጭጋጉ መጣ። እንደ ሌላው ጊዜ ከላይ አልወረደም፤ ከመሬት እየተነሣ መጀመሪያ የፈረሶቹን ሰኮና፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን ዋጠ። እኩለ ቀን ነበር። የሃዛርድን ቤት ያገኙት አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው።

ኬጡራ ሳታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ስድሳ ያለፋት፣ በምርኩዝ የቆመች ሴት ነበረች፤ የኤሊሁ እኅት ዶርቃ ነኝ አለቻቸው። ምግቡ ቀርቧል፣ አራት እንደምትሆኑ ነግሮኛል ብላ ገበታውን አሳየቻቸው። አራት ሳህን ተዘርግቷል፤ አንደኛው የልጅ ነው። ኬጡራ በደብዳቤዋ የጻፈችው ሁለት ችግኝ ብላ ነበር። ራሷ እንደምትመጣ ለማንም አልጻፈችም። ሮቤልም ከጋሪው ወርዶ ቤት አይገባም ነበር፤ ዛሬ ጭጋጉ ነው ያስገባው።

በግድግዳው ማንጠልጠያ ላይ የወንድ ባርኔጣ አለ። ኬጡራ በጣቷ ጫፍ ነካችው። እርጥብ ነበር።

“ኤሊሁ የት አለ?” አለች።

“ጽሕፈት ጠረጴዛው ጋ።”

ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። ብዕር፣ የቀለም ጠርሙስ፣ አሸዋ የሞላ ሳህን አለበት። ኬጡራ ወንበሩንና ዶርቃን ተራ በተራ አየች፤ ወንድምሽ በአንደኛው ወር ሞቶ ተቀብሯል ወይ ብላ በቀጥታ ጠየቀቻት። ዶርቃ አዎን አለች፤ የጠረጴዛውን አቧራ በመዳፏ እየጠረገች። ታዲያ ማን ነው የሚጽፍልኝ አለች ኬጡራ።

ዶርቃ ተቀመጠች። የተናገረችውንም ሁሉ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ተናገረች። ከቀብሩ በኋላ ማኅበሩ ወንድ የሌለበት ቤት ሰው መላኩን ያቆማል ብላ ስትጨነቅ፣ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በጉባኤ እንደሚደረገው ዝም አለች። በጉባኤያቸው ሰባኪ የለም፤ ሁሉም በዝምታ ይቀመጣል፣ መንፈስ ያነሣሣው ብቻ ይናገራል። እርሷም ስትጠብቅ ምላሷ አልተነሣሣም። ጣቷ ነው የተነሣሣው።

“እኔ አልጽፍም” አለች። “እጄን አበድራለሁ እንጂ።”

ኬጡራ አሁን ጻፊልኝ አለቻት። ዶርቃ ብዕሩን አንሥታ ዓይኗን ጨፈነች። የፈረሶቹ ትንፋሽ ከውጭ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ የቀኝ እጇ አመልካች ጣት፣ ጤነኛው ጣት፣ ቀስ ብሎ ቀጥ አለና ደረቀ። ብዕሩ ወደ መሐል ጣቷ ተንሸራተተ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈ፤ ጭረቱ ወደ ግራ የተጋደመ፣ መጨረሻው ቁልቁል የወረደ። “ጭጋጉ ሳይነሣ ውረዱ” ይላል።

ሮቤል ፈረሶቹን ልይ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት አልተመለሰም።

ኬጡራን ያስፈራት ጽሑፉ አልነበረም። ጽሑፍ ሰው አይይዝም። ከቤቱ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት መንገድ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፣ ዶርቃ ደግሞ ዳሌዋ የተሰበረ ነው። ዘጠኙን ሰዎች ወንዙ ድረስ ማን እንደመራቸው ጠየቀቻት።

“ኤሊሁ ነዋ” አለች ዶርቃ። “እኔ እስከ ደጅ ነኝ። ከደጅ ወዲያ እርሱ ነው።”

“ጀልባ ላይ ሲወጡ አይተሻል?”

“አላየሁም።”

“ደርሰዋል ብለሽ ጽፈሽልኛል።”

“ደርሰዋል ብሎ ጽፎልሻል።”

ኬጡራ ዳፍኒን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። መመለስ እንችላለን፣ ሌላ መደበቂያ እፈልግልሻለሁ አለቻት። መሄድ የምትፈልጊ ከሆነ ግን ከፊትሽ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔም አላውቅም። ዳፍኒ ልጇን በሻርፕ ጀርባዋ ላይ አዘለችና ቋጠሮውን ደረቷ ላይ አጠበቀች።

“ወደ ኋላማ ያለውን አውቀዋለሁ” አለች፤ ቁልቁለቱንም ተያያዘችው።

ዶርቃ ደጃፉ ላይ የተንጠለጠለውን ብረት ሦስት ጊዜ መታች። ድምፁ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ኬጡራ ከዳፍኒ አምስት እርምጃ ኋላ ትከተላለች፤ ከዳፍኒ ጀርባ በቀር የምታየው አልነበራትም። መንገዱ ይታጠፋል፣ ዳፍኒ ሳታመነታ ትታጠፋለች። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቆመች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ቀጥታውን ትታ በግራ በኩል በቁጥቋጦ መሐል ገባች። ኬጡራ እዚያ ስትደርስ ወደ ፊት አየች። ቀጥታው መንገድ በጎርፍ ተቆርሶ ገደል ሆኗል፤ ከሥሩ የውሃው ድምፅ ይሰማል።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ እንዴት ልታውቂ ቻልሽ ብላ ጠየቀቻት። ዳፍኒ ዞር አለች።

“ሮቤልን ነዋ የተከተልኩት። የት ሄደ?”

ኬጡራ ወደ ላይ አመለከተቻት። ከላይ፣ ከግቢው፣ ሮቤል ፈረሶቹን ሲያባብል ይሰማ ነበር። ዳፍኒም ሰማችው። ወደመጡበት አየችና የልጇን እግር በመዳፏ ጨበጠች።

ጀልባዋ ከጭጋጉ ወጣች። ቀዛፊው ጊሊስ የሚባል ቀይ ጢም ያለው የማዶ ሰው ነው፤ ወፍጮ ቤት ይሠራል፣ ብረቱን ሲሰማ ይመጣል። ኬጡራ ከአንደኛው ወር ወዲህ ስንት ሰው እንዳሻገረ ጠየቀችው። ዘጠኝ አላት። መጀመሪያ ሁለት ወንዶች፣ ቀጥሎ ሁለት እኅትማማች፣ ከዚያ ሕፃን ያላቸው አራት፣ በቀደም ደግሞ አንድ ጎረምሳ። ቁጥሩ ልክ ነው። ቁጥርን ግን አዳኝም ያውቃል።

ኬጡራ እስከ ትናንት ድረስ የሰውን ቃል መርምራ አታውቅም ነበር፤ ሥርዓቷ አይፈቅድም። ቀሚሷን ሰብስባ ጀልባው ውስጥ ገባች። ጊሊስ፣ ሴትዮዋ አንቺንም የሚያሳድድሽ አለ እንዴ ሲላት፣ አዎን ዘጠኝ ሰው አለችው። እርሱም መቅዘፊያውን ያዘ። ዳፍኒ መሐል ላይ ተቀመጠች። እስከ ማዶ ድረስ ዓይኗን ከለቀቁት ዳርቻ አላነሣችም።

ማዶው ካናዳ፣ የእንግሊዝ ንግሥት ምድር ነው፤ ባርነት የለበትም። ጭጋጉ ዳርቻው ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቆሞ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ነበር። ዳፍኒ ከጀልባው ወርዳ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች፤ ሱኪን ከጀርባዋ ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ቆቡን አውልቃ ጣለችው። ከዚያ የሱፉን ቀሚስ እጅጌዎች እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ክንዶቿን በደንብ አድርጋ፣ ያለ ማንም ይሉኝታ አከከች።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ሴት ትልቅ ብረት ድስት ጥዳ ሳሙና ታማስል ነበር። ኬጡራ ከሩቅ አወቀቻት። በአራተኛው ወር ከእኅቷ ጋር ቆጡ ላይ ሦስት ቀን የተደበቀችው ዲና ናት። ወፍራለች። ማማሰያዋን ጥላ መጥታ ሳሙና በነካው እጇ የኬጡራን ሁለት እጆች ያዘች። ሌሎቹስ አለች ኬጡራ። ዲና በጣቷ እያመለከተች ነገረቻት፤ ሁለቱ ወንዶች እንጨት ፈለጣ ላይ ናቸው፣ እኅቷ አግብታለች፣ ሕፃን ያላቸው ከቤተ ጸሎቱ ኋላ ይኖራሉ፣ ጎረምሳው ያው እዚያ ጆንያ ይሸከማል፣ ሰነፍ ነው። ዘጠኙም።

ኬጡራ ለድስቱ በተከመረው ማገዶ ላይ ተቀመጠች። ዲና ደግሞ ሮጣ ቤት ገብታ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ማታ ማታ ቤተ ጸሎት ፊደል እየተማረች ነው፤ ይህ በገዛ እጇ የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ለሽማግሌው ይድረስልኝ አለች። በተሻገረችበት ቀን ቁልቁለቱ ላይ አድጧት ስትወድቅ እጇን ይዞ ያነሣት እርሱ ነበርና።

“ጣቱ የማይታጠፍ ነው” አለች። “እጁ እንዴት ይበርዳል መሰለሽ። የሹራብ ጓንት ልሠራለት ነው። እንዴት ነው፣ ደህና ነው?”

ኬጡራ ዝም ብላ መመለስ ትችል ነበር። ግን ሞቷል አለቻት፤ በአንደኛው ወር፤ የተሸከመው ሰው ነግሮኛል።

ዲና ድስቱን አየች። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ወሮቹን ቆጠረች።

“እኔ የተሻገርኩት በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው።”

“አውቃለሁ።”

ሳሙናው ይፈላ ነበር። ዲና ማማሰያውን አንሥታ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረችው። ኬጡራ ወረቀቱን ልትመልስላት እጇን ዘረጋች፤ ዲና አልተቀበለችም። የጻፍኩት ለእርሱ ነው፣ ሌላ የምልክለት ሰው የለኝም አለቻት፤ ፊቷንም ወደ እሳቱ አዞረች።

ጊሊስ ኬጡራን መልሶ አሻገራትና ሄደ። ማዶው ጠፋ፤ ወንዙም ጠፋ። ሽቅቡ ከፊቷ ነበር፤ የት ላይ እንደተቆረሰ በጭጋጉ ውስጥ አይታይም። ሮቤልን ልትጣራ አሰበችና ተወችው። ደብዳቤውን በቀኝ እጇ ይዛ ክንዷን ወደ ፊት ዘረጋች፣ ወረቀቱ ከጣቶቿ በእርጋታ እስኪሳብ ድረስ ቆመች፤ ከዚያ ከፊቷ የሚወጣውን እርምጃ እያዳመጠች ተከተለች።